በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መካነ መቃብር የማኅበረሰብ ጉብኝት ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዕድር አባላትን፣ ተማሪዎችንና ከውጭ አገር የመጡ ቤተሰቦችን ይዘን አራት ኪሎ ወደሚገኘው መካነ መቃብር ስንሄድ ሳይነሡ የማይቀሩ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

መቃብርም ይጎበኛል እንዴ? የጉብኝት ቀን ሲባል ምን ማለት ነው?

ይጎበኛል። ወደ መቃብር የምንሄደው ሰው ለመቅበር ወይም ሙት ዓመት ለማሰብ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው አያስገርምም። የጉብኝት ቀን የምንለው አንድ ዕድር፣ ትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ማኅበር ከካቴድራሉ አስተዳደር ጋር ተስማምቶ ለማየት፣ ለማንበብና ለመስማት የሚገባበትን ግማሽ ቀን ነው። ንግግር አድራጊ፣ ድንኳንና የክብር እንግዳ አያስፈልጉትም። አንድ የሚያነብ፣ አንድ የሚያስተባብርና ቀስ ብሎ የሚራመድ ቡድን ከተገኘ በቂ ነው።

በአውሮፓ ልማዱ ሥር ሰድዷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1984 ታሪካዊ ሕንፃዎቿን ለሕዝብ የከፈተችበት ቀን ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1994 ተከተለች። በደቡብ ለንደን የሚገኘው ነንሄድ የተባለ መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1840 ተከፍቶ፣ ኋላ ባለቤቱ ትቶት ዱር ከዋጠው በኋላ፣ የአካባቢው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ፓውንድ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የወዳጆቹ ማኅበር ዱሩን እየመነጠረ፣ በዓመት አንድ ቀን በግንቦት ወር ገደማ በሩን ለሕዝብ ይከፍታል። ለንደን ያላችሁ ሄዳችሁ ብታዩት አትጸጸቱም። የእኛው ቦታ ግን ከዚያ በአንድ ነገር ይለያል፤ ሥላሴ ዛሬም ሰው ይቀበርበታል። ከዚህ በታች የምንመልሰው አብዛኛው ጥያቄ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ታሪካዊ መቃብር እያለ ለምን ሥላሴ?

ሌሎቹንም መጎብኘት ይቻላል። አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት በበዓታ ለማርያም ነው፤ በጉለሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የእንግሊዝና የተባባሪ አገሮች ወታደሮች መቃብር አለ። ሥላሴን የሚለየው የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ወገን ሰዎች ብቻ ያልተቀበሩበት መሆኑ ነው። ካቴድራሉ ከጣልያን ወረራ በፊት ተጀምሮ በጦርነቱ ተቋርጦ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመ ነው። ግቢውም ከዚያ ወዲህ አርበኛውን፣ ሚኒስትሩን፣ ባለቅኔውን፣ ዘፋኙንና ፓትርያርኩን እየተቀበለ ኖሯል።

ከበሩ እስከ ካቴድራሉ ደረጃ ያለውን መንገድ ብቻ ቀስ ብሎ የሄደ ሰው የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ግማሹን ያገኘዋል። የሚያገኘው ግን እንደ መጽሐፍ በምዕራፍ ተከፋፍሎ ስላልሆነ አንዱ ዘመን በሌላው ላይ ተደርቦ ይጠብቀዋል።

እነማን ናቸው የተቀበሩት?

አፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ከካቴድራሉ ውስጥ በትልልቅ የግራናይት መቃብር ናቸው። እቴጌይቱ በ1954 ዓ.ም. ሲያርፉ እዚሁ ተቀበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ለመምጣት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞተው፣ አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በበዓታ ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ወደ ሥላሴ መጣ። የወቅቱ መንግሥት ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ እንዲፈጸም አልፈቀደም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ የገደላቸው ከፍተኛ ባለሥልጣናትም እዚሁ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ይገኙበታል። መጀመሪያ በከርቸሌ እስር ቤት ግቢ በአንድ ጉድጓድ ተጥለው ነበር፤ አፅማቸው በክብር የተነሣው ደርግ ካለፈ በኋላ ነው። ከኪነ ጥበብ ሰዎች የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፣ በኒው ዮርክ ያረፉት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት ያረፈው ጥላሁን ገሠሠ አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ተቀብረዋል።

አቡነ ጳውሎስ በ2004 ዓ.ም.፣ አቡነ መርቆርዮስ በ2014 ዓ.ም. እዚሁ አርፈዋል። ሁለቱ ፓትርያርኮች ቤተ ክርስቲያኒቱ አገር ቤትና ውጭ ተብላ በተከፈለችባቸው ዓመታት በተቃራኒ ጎራ ይጠሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2010 ዓ.ም. ታረቀች፤ ሁለቱ ያረፉበት አፈርም አንድ ነው። አስጎብኚው ይህን ሳይናገር ካለፈ በኔ ግምት የቀኑን ግማሽ አባክኗል።

ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዛዊት ሆነው ከአርበኞች መካከል እንዴት ተቀበሩ?

ከሁሉም ይበልጥ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ በተለይ በልጆች። ሲልቪያ በአገራቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ፣ በተደጋጋሚ የታሰሩ ሴት ናቸው። ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር በ1928 ዓ.ም. «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ ለንደን ላይ አቋቁመው የወረራውን ግፍ ለዓለም ሲያሰሙ ቆዩ። ከነጻነት በኋላም ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ሲያሰባስቡ ኖረው በ1948 ዓ.ም. ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ ወደ አገራቸውም አልተመለሱም።

ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ መስቀል በዓል ዕለት። የመንግሥት ቀብር ተደርጎላቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተው፣ «ወለተ ክርስቶስ» ተብለው በካቴድራሉ ፊት ለፊት ለአርበኞች በተከለለው ቦታ አረፉ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድም የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥላሴ ተቀብረዋል።

ፈቃድ ከማን እንጠይቅ? ክፍያስ አለው?

ለአንድ ለሁለት ሰው የሚያስቸግር ነገር የለም። ከዐሥር በላይ ሆናችሁ የምትመጡ ከሆነ ግን ከድርጅታችሁ፣ ከዕድራችሁ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ የካቴድራሉን ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የሰዉን ብዛት፣ ቀኑን፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱን፣ የኃላፊውን ስልክ ጻፉ። «ለጉብኝት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ሁልጊዜ ተጨማሪ ጥያቄ ያስከትላል፤ የት የት እንደምትቆሙ ጭምር ከገለጻችሁ ነገሩ ይቀላል።

ወደ ካቴድራሉ ውስጥና ወደ ሙዚየሙ ለመግባት ቲኬት ይቆረጣል፤ ዋጋው ስለሚቀያየር በዚያው ጠይቁ። እድሳትም ሊኖር ስለሚችል የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ከሳምንት በፊት ማረጋገጥ ይሻላል።

የትኛው ቀንና ሰዓት ይሻላል?

የሥራ ቀን ጠዋት። እሑድ ቅዳሴ ነው። በየወሩ በ7 የሥላሴ መታሰቢያ ስለሆነ ሰው ይበዛል፤ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 ደግሞ ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለሆኑ በእነዚህ ቀናት ጉብኝት ማሰብ ራሱ አይገባም። በጾም ወራት ቅዳሴ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ መሆኑንም አትርሱ። ቀብር በብዛት የሚመጣው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከሦስት ሰዓት ጀምራችሁ አምስት ተኩል ላይ ጨርሱ። ክረምት ላይ ደግሞ በመቃብሮቹ መካከል ያለው መንገድ ያንሸራትታል፤ አዛውንት ያለበት ቡድን እስከ ጥቅምት ይታገሥ።

ለጉብኝቱ ሰበብ የሚሆን ቀን የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት አሉ። ሚያዝያ 10 በዓለም ዙሪያ የሐውልቶችና የታሪካዊ ቦታዎች ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ሚያዝያ 27 ደግሞ የአርበኞች ቀን ነው፤ ያን ዕለት አራት ኪሎ የድል ሐውልት ዘንድ አበባ ይቀመጣል። ሚያዝያ 10ን የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ እዩ፤ ቀኑ በሰሙነ ሕማማት ሊውል ይችላል።

ምን ለብሰን እንምጣ? ሌላ ሃይማኖት ያለው ሰውስ መግባት ይችላል?

ግቢው ለሁሉም ነው። በቡድኖቻችን ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም ያልነበረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ማንም ስለ እምነቱ ጠይቋቸው አያውቅም። ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ፣ ለሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይበቃል። ወደ ካቴድራሉ ውስጥ የሚገባ ጫማውን ያወልቃል፤ የወንድና የሴት መግቢያ ስለሚለያይ አስተናጋጁን ጠይቁ።

በአንዳንድ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማይገቡ ሰዎች በየቡድኑ አሉ። ምክንያቱን ማንም አይጠይቅ፣ ማንም አያስረዳ። አስተባባሪው አስቀድሞ «ውጭ መቆየት ለሚፈልግ ዛፉ ሥር ወንበር አለ» ካለ ነገሩ ያለ ኀፍረት ያልፋል።

መቃብሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዴት ነው የምናነበው?

የብዙ ሰው ችግር ቁጥሩ ነው። ፲፱፻፷፯ የሚል ካያችሁ ከፋፍላችሁ አንብቡት፤ ፲፱ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ ስድሳ፣ ፯ ሰባት፤ በአንድ ላይ 1967። ድንጋዩ ሲያረጅ ፮ እና ፯ ይመሳሰላሉ፤ ያኔ ከልደቱ ዓመትና ከዕድሜው ጋር ማመሳከር ነው። ከውጭ የመጡ ልጆች ደግሞ «ከነጮቹ ስንት ይለያል?» ይላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለፈ ሰው ከሆነ ሰባት ዓመት ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት። ኅዳር 14 ቀን 1967 በአውሮፓ አቆጣጠር 1974 የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማዕረግ ነው። «ደጃ/» (ደጃዝማች)፣ «ፊት/» (ፊታውራሪ)፣ «ሌ/ጄ» (ሌተና ጄኔራል)፣ «ብ/ጄ» (ብርጋዴር ጄኔራል)፣ «ኮ/ል» (ኮሎኔል) እየተባለ አጥሮ ይጻፋል። አንዳንዱ መቃብር ላይ ደግሞ ሰው በማያውቀው ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ያ የክርስትና ስም ነው፤ ካህኑ በፍትሐት የሚጠራው እርሱን ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «አያቴ ጠፉ» ብላ ግራ ተጋብታ ሳለ ከመቃብራቸው ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ፎቶው የአያቷ ነው፣ ከሥሩ ያለው «ወለተ ማርያም» ግን ቤት ውስጥ ጠርተዋቸው የማያውቁት ስም ነው።

የደበዘዘ ፊደል ለማንበብ የእጅ ስልክ መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ጠመኔ፣ ከሰል ወይም ዱቄት አትቀቡበት። ቀለሙ ከድንጋዩ ቀዳዳ አይወጣም፤ የሚቀጥለው አንባቢ የሚያነበውም የእናንተን ቀለም ይሆናል።

ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

ሐውልቱን አዎ፤ ለቀስተኛን በፍጹም። ካቴድራሉ ውስጥ ጠይቃችሁ፣ ያለ ፍላሽ። በመቃብር ላይ ተቀምጦ ወይም ተደግፎ ፎቶ መነሣት ግን በዝነኞቹ መቃብሮች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል፤ አስተባባሪው በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ቢናገር ይበቃል። ያ ሰው እኮ ልጆች አሉት።

ልጆችን ማምጣት ያስፈራል?

ልጆቹን አይደለም የሚያስፈራቸው፣ ወላጆቹን ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ያለ ልጅ ሥራ ከተሰጠው ጥሩ ጎብኚ ነው፤ «አንበሳ ያለበትን መቃብር ፈልግ»፣ «እንደ አንተ በሚያዝያ የተወለደ ሰው አግኝ»፣ «በውጭ አገር ስም የተጻፈ አሳየኝ»። ስለ ኅዳር 14 ሲነገር ግን እንደ ዕድሜያቸው ይነገር። «ያለ ፍርድ ተገደሉ» በቂ ነው፤ ዝርዝሩ ለሌላ ጊዜ።

እየጎበኘን ሳለ ቀብር ቢመጣ ምን እናድርግ?

ቁሙ። ባርኔጣ ያለው ያውልቅ፣ አስጎብኚው ንግግሩን ያቋርጥ፣ ቡድኑ ከመንገዱ ወደ ጎን ይውጣ። አስከሬኑ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ እስኪረጋጋ ድረስ ወደዚያ አቅጣጫ አትሂዱ። መንገዳችሁን አስቀድማችሁ በሁለት አማራጭ ብታዘጋጁ ጉብኝቱ አይቋረጥም። ድምፅ ማጉያ የምንከለክለውም ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ቡድናችን በእጅ ድምፅ ማጉያ ስለ ዘፈን ታሪክ ሲያስረዳ፣ ሃያ ሜትር ያህል ራቅ ብላ አንዲት እናት ልጇን እየቀበረች ነበር። ያን ቀን የተናገርነውን አንዱንም አላስታውስም፤ የእሷን ዞር ብሎ ማየት ግን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ከዐሥራ አምስት ሰው በላይ በአንድ አስጎብኚ አንወስድም፤ ድምፅ ሳያጎላ የሚሰማው ይህን ያህል ሰው ነው።

ዕድራችን መቃብሮቹን ሊያጸዳ ይፈልጋል። ይፈቀዳል?

ሣርና ቅጠል መጥረግ፣ የደረቀ አበባ ማንሣት ጽሕፈት ቤቱን አስፈቅዶ ይቻላል። ድንጋይ ማጠብ ግን የመቃብሩ ባለቤት የሆነው ቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። ቤተሰብ ከፈቀደም ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። በጎ አስበው ብዙ ጥፋት የሚያደርሱት እዚህ ላይ ነው፤ ሎሚና ኮምጣጤ እብነ በረድን ይበሉታል፣ በረኪና ድንጋዩን ያቦካዋል፣ የሽቦ ብሩሽ ፊደሉን ከነድንጋዩ ያነሣል። እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ የ1940ዎቹ እብነ በረድ ካያችሁ ከላዩ አንድ ንብርብር ተፍቆ እንደሄደ እወቁ።

በሕይወታቸው የተጠላሉ ሰዎች ጎን ለጎን ናቸው። አስጎብኚው እንዴት ይናገር?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የእኛ ዘዴ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ መቃብር ፊት እኩል ጊዜ እንቆማለን፤ ስም፣ ሹመት፣ የተወለዱበትና የሞቱበት ዘመን፣ እንዴት እንደሞቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ «ታላቁ»፣ «ጨካኙ» የሚል ቅጽል የለም። የምንሄደውም በዝና ሳይሆን በዘመን ቅደም ተከተል ነው። በዝና ከሄድን ሰዉ ሁሉ ሁለት ሦስት መቃብር ከቦ ይቀርና አርበኞቹን ማንም ሳያያቸው ይቀራል፤ ይህንን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ክርክር ይነሣል፤ ቢነሣም ኃጢአት የለበትም። አንድ ጊዜ ሁለት የዕድር አባላት፣ ሁለቱም ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በአንድ ሐውልት ፊት ድምፃቸው ከፍ አለ። አንደኛው ወንድሙን ያጣ ነው፣ ሌላኛው ያኔ መለዮ ለባሽ ነበር። ቡድኑን ወደ ዛፉ ጥላ ይዤ ሄድኩና ተውኳቸው። ስንመለስ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ስም ሲያነቡ አገኘናቸው፤ መታረቃቸውን አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም።

የአያቴ መቃብር እዚህ ነበር፤ አላገኘሁትም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የተሳሳተ ግቢ አለመሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ቤተሰብ «ሥላሴ» የሚለው አጠገቡ ያለውን የባለ ወልድ ቤተ ክርስቲያንን ጭምር ነው። ከዚያ የክርስትና ስማቸውን፣ የሞቱበትን ወርና ዓመት ይዛችሁ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ እንዲያይላችሁ ጠይቁ። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ከሌለ የንስሓ አባታቸውን ወይም የቆየ የዕድር መዝገብን ጠይቁ። የቀብር ዕለት ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከበስተኋላ የሚታየው የግንብ አጥር ወይም የካቴድራሉ ጉልላት አቅጣጫውን ይነግራል። እኛ ሁለት መቃብር ያገኘነው እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ አድባራት የቦታ ጥበት ስላለባቸው የቆየ አፅም ተነሥቶ በፉካ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መሬቱን ብቻ ሳይሆን በግድግዳው ላይ በተደረደሩት ፉካዎችም ስም በስም ፈልጉ፤ ከታችኛው ረድፍ ጀምሩ፤ ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ስለሌለ ተረስተው የሚቀሩት እነርሱ ናቸው።